ዚንክ ቁስል ያሽራል?

ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ እግሩ የቆሰለበት ወይም እሳት ያቃጠለው ሰው ዘንድ ለጥየቃ የሚመጣ ዘመድ ምክር አያጣም። ከዚያ ምክር አንዱ በአሁኑ ጊዜ «ከፋርማሲ ዚንክ ግዛና ዋጥ፤ ቁስሉ ቶሎ ይጠግግልሃል» የሚለው ነው። ምክሩ ከባዶ የተነሳ አይደለም። ዚንክ፣ መዳብ፣ ብረትና ማንጋኒዝ የጎደሉበት አካል ቁስሉን በወጉ መዝጋት እንደማይችል ሳይንሱ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ «ከሌለ አይሽርም» ማለትና «ከተጨመረ ቶሎ ይሽራል» ማለት ለየቅል ናቸው። የዛሬው ዝግጅታችን የሚሟገተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ጥቃቅን ማዕድናት ለቁስል የሚበጁት የጎደለውን ሲሞሉ ነው፤ በሞላው ላይ ሲደረቡ ግን ጥቅማቸው ያቆማል፣ ከመጠን ሲያልፉም የመዳኑን ሥራ ራሱን ያበላሻሉ።

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ዚንክ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። መዳቡ ወደ 100 ሚሊ ግራም ይጠጋል፤ ማንጋኒዙ ከዚያም በብዙ ያንሳል። ይህን የምታህል ነገር ምን ልትሠራ ትችላለች የሚል አድማጭ አይጠፋም። መልሱ ያለው ኢንዛይም ውስጥ ነው። ኢንዛይም የሰውነትን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ሲሆን፣ አንዱን ሥራ ሲጨርስ እሱ ራሱ ሳያልቅ ለሚቀጥለው ዝግጁ ይሆናል። ከኢንዛይሞች ብዙዎቹ ግን ፕሮቲን ብቻውን አይበቃቸውም፤ እምብርታቸው ላይ የማዕድን አቶም መቀመጥ አለበት። ዚንክ የኢንዛይም አካል መሆኑን መጀመሪያ ያሳዩት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴቪድ ኬሊንና ታዲየስ ማን ሲሆኑ፣ ዝርዝር ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ታተመ። ያጠኑት ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባለውን፣ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃ ጋር የሚያዋህደውን ኢንዛይም ነበር። ቀረብ ብለን እንየው። ዚንኩን ሂስቲዲን የሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች በሦስት ጎን ይዘውታል። በአራተኛው ጎኑ የውሃ ሞለኪውል ይጠጋዋል። ዚንኩ ውሃውን ወደ ራሱ ሲስበው ውሃው ከሃይድሮጂኖቹ አንዱን በቀላሉ ይለቃል፤ የቀረው ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያዝ ያደርገዋል። አንድ የኢንዛይም ሞለኪውል ይህንን በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሊደጋግም ይችላል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉ የምንፈልገው የዚንኩን መቀመጫ ነው። መቀመጫው አንድ ብቻ ነው። ዚንኩ ከታጣ ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል፤ ዚንኩ ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን ሌላ ዚንክ ቢመጣ የሚያርፍበት የለውም፣ የሥራውም ፍጥነት አይጨምርም። የዛሬው ክርክራችን መሠረቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ። ቆዳ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ይጠርጋሉ። ከዚያ በጠርዙ ያሉት የቆዳ ሴሎች ወደ መሃል መጓዝ ይጀምራሉ፤ ሆኖም ከሥራቸው ያለው ኮላጅን አጥብቆ ስለሚይዛቸው እሱን እየቆረጡ ካልሆነ አይንቀሳቀሱም። መቁረጫቸው ኮላጅኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ እምብርቱም ዚንክ ነው። ይህን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1962 ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒየር ያገኙት በሰው ቁስል ላይ ሳይሆን በእንቁራሪት እጭ ጭራ ውስጥ ነበር፤ እጩ ሲያድግ ጭራው የሚጠፋው ኮላጅኑ በዚሁ ኢንዛይም እየተቆራረጠ ነውና። እንግዲህ ዚንክ ሲነሳ ሁልጊዜ «ይገነባል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በቁስል ውስጥ ዚንክ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ማፍረስ ነው። ማፍረሱ ከልክ ሲያልፍም ቁስሉ አይዘጋም፤ ለወራት በቆዩ የእግር ቁስሎች ፈሳሽ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ከመጠን በላይ በዝተው ይገኛሉ።

ከማፍረሱ ጎን አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። ክሮቹ ተገምደው እንዲጸኑ አስቀድሞ ፕሮሊን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ኦክስጅን መጨመር አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም በእምብርቱ ብረት ይይዛል። ብረቱ በሥራው መካከል ኦክስጅን እየነካው ከሥራ ውጭ ሲሆን ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልሰው ቫይታሚን ሲ ነው። ቫይታሚኑ ሲታጣ ገመዱ በሰውነት ሙቀት ይላላል፤ ስከርቪ የያዛቸው የጥንት መርከበኞች የዱሮ ጠባሳቸው ሳይቀር ይመረቅዝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ ከሴሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር መታሰር አለበት። አሳሪው መዳብ የያዘው ላይሲል ኦክሲዴዝ ነው። መዳብ በሌለበት መኖ ያደጉ ጫጩቶች ትልቁ የደም ሥራቸው ፈንድቶ የሚሞቱት ይህ ማሰሪያ ስለሚጎድላቸው ነው። ማንጋኒዝም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከፈረሰው ኮላጅን ፕሮሊኑን መልሶ የሚያወጣው ፕሮሊዴዝ ማንጋኒዝ ይፈልጋል፤ ይህ ኢንዛይም ከውልደት የጎደላቸው ሰዎች እግራቸው ላይ የማይሽር ቁስል ይወጣባቸዋል።

ስለ መዳቡ ኢንዛይም ካነሳን አይቀር ጓያን ለሚያውቁ አድማጮቻችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በአገራችን በችግር ጊዜ ጓያ አብዝተው የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደሚሽመደመድ ይታወቃል፤ የዚያ መርዝ የሚጎዳው ነርቭን ነው። የጓያ የቅርብ ዘመድ የሆነችው፣ ለአበባዋ ተብላ የምትተከለው ጣፋጭ አተር ግን ሌላ መርዝ አላት። የሷ መርዝ ላይሲል ኦክሲዴዝን ሥራ ስለሚያስፈታ ፍሬዋን የተመገቡ የቤተ ሙከራ እንስሳት አጥንታቸውና የደም ሥራቸው ይልፈሰፈሳል። መዳቡ በበቂ መጠን እያለ ኢንዛይሙ ብቻ ሲታገድ የሚደርሰው ጉዳት መዳብ ከጠፋበት እንስሳ ጉዳት ጋር ይመሳሰላል። ማዕድኑ ዋጋ የሚኖረው ኢንዛይሙ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናገኝም።

ጉድለት ለመፈጠር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል የሚለውም ለክርክራችን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆን ክራንደን የተባለ የቦስተን ወጣት ቀዶ ሐኪም ቫይታሚን ሲ ፈጽሞ የሌለበት ምግብ ብቻ እየበላ በራሱ አካል ላይ ሙከራ አደረገ። በሦስተኛው ወር ጀርባው ላይ ተቆርጦ የተሰፋው ቁስል ያለ ችግር ዳነ፤ በዚያን ጊዜ ቫይታሚኑ ከደሙ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። በስድስተኛው ወር ዳግም ሲቆረጥ ግን ቆዳው ከላይ የተዘጋ ቢመስልም ከሥሩ ምንም አልገጠመም። ቫይታሚኑ ሲሰጠው በቀናት ውስጥ መዳን ጀመረ። በእርግጥ ይህ ሙከራ የቫይታሚን እንጂ የማዕድን አይደለም፤ ነገር ግን የምናወራው ስለዚያው ብረት ስለያዘ ኢንዛይም ነው። ከሙከራው የምንማረው ሰውነት ተጠባባቂ ስላለው በአንድ ሳምንት የምግብ መጓደል ቁስል እንደማይበላሽ፣ ጉድለቱ ከደረሰ በኋላም መሙላቱ ፈጣን ውጤት እንደሚያመጣ ነው። ቫይታሚኑ ያልጎደለው ሰው ተጨማሪ ቢወስድ ከሌላው ቀድሞ ይድናል የሚል ነገር ግን ከዚህ ሙከራ አይወጣም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1967 ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ያደረጉት ጥናት የዚንክን ስም ያስጠራው ነው። በጭራ አጥንታቸው አካባቢ መግል የቋጠረ ቀዳዳ በቀዶ ጥገና የወጣላቸው 20 ወጣት ወታደሮች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ዚንክ ሰልፌት 220 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ወሰዱ። ያልወሰዱት በአማካይ በ80 ቀን ሲድኑ የወሰዱት በ46 ቀን ገደማ ዳኑ። «እነዚህ እኮ ጠግበው የሚበሉ ወታደሮች ነበሩ፤ ታዲያ ጉድለት ሳይኖር ዚንክ አልሠራም ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ አግባብ ነው። መልሱ ግን አንድ ጥናት ብቻውን አይፈርድም የሚል ነው። በየወገኑ አሥር ሰው ብቻ ነበር፤ የእያንዳንዱ ቁስል ስፋት ቢለያይ እንኳ አማካዩን ሊያናውጠው ይችላል። ከዚያ በኋላ የእግር ቁስል ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ስድስት ትናንሽ ሙከራዎች፣ በጠቅላላው 183 ሰዎችን ያካተቱ፣ ኮክሬን በተባለው የጥናት ምዘና ተቋም አንድ ላይ ሲመረመሩ በአፍ የሚወሰድ ዚንክ የቁስሉን መዳን እንደሚያፋጥን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ከሁሉም ይልቅ ነገሩን የሚያጠራው እ.ኤ.አ. በ1972 በስዊድን ሆልቡክና ላነር የሠሩት ጥናት ነው፤ በዚያ ጥናት ዚንክ የተሻለ ውጤት ያመጣው ከመጀመሪያው በደማቸው ያለው ዚንክ ዝቅ ብሎ ለተገኘባቸው ነበር። ሁለት የሚቃረኑ የሚመስሉ ውጤቶች በዚህ ይታረቃሉ። ዚንኩ የሠራው መቀመጫው ባዶ በሆነበት ነው።

«እንግዲያው ለእኛ አገር ሰው ይጠቅማል ማለት ነው፤ የእኛ ምግብ እህል ነውና» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በከፊልም እውነት ነው። ሐኪሙ አናንዳ ፕራሳድ በኢራን ሺራዝ ከተማ ያገኛቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለነሱ የጻፈላቸው ወጣቶች ዕድሜያቸው ሃያ አልፎ ቁመታቸው የልጅ ነበር። ምግባቸው በአብዛኛው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ሲሆን አፈርም ይበሉ ነበር። ፕራሳድ ከዚያ ወደ ግብፅ ሄዶ መሰል ሕሙማንን ሲመረምር የዚንክ እጥረት መሆኑ ተረጋገጠ። ምክንያቱ ዚንክ በቂጣው ውስጥ ስላልነበረ አልነበረም። በእህል ቅርፊት ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባለው ውህድ ዚንኩንም ብረቱንም አስሮ በአንጀት ሳይመጠጥ እንዲወጣ ያደርገዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የዚንክ ፍላጎትን ሲወስን ፋይቴትን ያስገባው ለዚህ ነው፤ ለሴቶች ፋይቴቱ ትንሽ ከሆነ 7.5 ሚሊ ግራም ይበቃል፣ ፋይቴቱ ብዙ ከሆነ 12.7 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል።

የእኛ ማዕድ እዚህ ላይ ደካማም ብርቱም ጎን አለው። እንጀራ እርሾ ገብቶበት ሲቦካ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱ ፋይቴዝ ለሚባለው ኢንዛይም ስለሚመች ፋይቴቱ ይበጣጠሳል፣ የታሰረው ዚንክም ይለቀቃል። ምን ያህሉ እንደሚለቀቅ በእርሾው ዓይነትና በሚቦካበት የቀን ብዛት ይለያያል። ቂጣና ቆሎ ግን ይህን ዕድል አያገኙም። ባቄላው በቆልት ሲሆን፣ ገብሱ ብቅል ሲሆን እንዲሁ ፋይቴዝ ይነቃል። ሥጋ፣ ጉበትና እንቁላል ዚንካቸው በቀላሉ የሚመጠጥ ቢሆንም በብዙ ቤት የዘወትር ምግብ አይደሉም፤ በጾም ወራት ደግሞ ከማዕድ ይነሳሉ። በዚያን ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በምስር፣ በሽምብራና በባቄላ ላይ ነው። ጤፍ ብረቱ ብዙ ነው ሲባል የምንሰማውም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈር የሚቀላቀል ሲሆን ሰውነት ከእሱ የሚጠቀመው ጥቂት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የቦታ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹ ከኢትዮጵያ፣ ከማላዊና ከእንግሊዝ ባልደረቦቹ ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተመው ጥናት፣ በኢትዮጵያና በማላዊ የሚመረት እህል የሚይዘው የዚንክ፣ የብረትና የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። አንዱን እህል የሚበሉ የሁለት አካባቢ ሰዎች አንዱ የጎደለበት፣ ሌላው ያልጎደለበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የእኛ አገር ሰው ሁሉ ጎድሎበታል» ብሎ በጅምላ መደምደም ስህተት ነው።

«ታዲያ በደም ምርመራ እንለየው» ቢባልስ? ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ ቁስሉ ራሱ ምርመራውን ማዛባቱ ነው። ሰውነት ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባበት ዚንክን ከደም አንስቶ ጉበት ውስጥ ያከማቻል፤ ብረቱንም ሄፕሲዲን በሚባል ሆርሞን አማካኝነት ከደም ይሸሽጋል። ነጭ የደም ሴሎችም ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን በቁስሉ ላይ ያፈስሳሉ፤ ሥራው ዚንክና ማንጋኒዝን አንቆ መያዝ ነው። ይህ ሁሉ ጀርሞቹን ለማስራብ ነው፤ ጀርምም ያለ ማዕድን አይራባምና። እንግዲህ በቆሰለ ሰው ደም ውስጥ ዚንክ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ሆን ብሎ የሸሸገው ሊሆንም ይችላል። ሐኪም ውጤቱን ከሌላው የመቆጣት ምልክት፣ ከሕመምተኛው አመጋገብና ከአንጀቱ ጤንነት ጋር አገናዝቦ ማንበብ የሚገባው ለዚህ ነው። ለወራት የሚያስቀምጥ ተቅማጥ፣ የአንጀት ቀዶ ጥገና፣ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ በሽንት ዚንክ የሚያስወጣው የስኳር ህመም ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የቀረው ሙግት ብዙ ሰው የሚያነሳው ነው፤ «ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጉዳትም የለው፤ ለማንኛውም ብወስደው ምን አለበት?» ጉዳት አለው። ለአዋቂ ሰው በአሜሪካ የተወሰነው ከፍተኛ የዚንክ መጠን በቀን 40 ሚሊ ግራም ነው። የ1967ቱ ወታደሮች የወሰዱት ወደ 150 ሚሊ ግራም ንጹሕ ዚንክ ነበር። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ይህ ፕሮቲን ከዚንክ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዛል፤ ሴሎቹ አርጅተው ሲረግፉ መዳቡን ይዘው ይወጣሉ። ይህ በግምት የተነገረ ነገር አይደለም፤ ዊልሰን በሚባለው በሽታ መዳብ በአካላቸው የተጠራቀመባቸውን ሰዎች ሐኪሞች በዚንክ የሚያክሟቸው በዚሁ መንገድ ነው። መዳብ ያልበዛበት ሰው ሲወስደው ግን በብረት ኪኒን የማይመለስ የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ሊከተል ይችላል። ኮላጅኑን የሚያስረውም ያው መዳብ መሆኑን አስታውሱ። የቁስሉን መዳን ለማፋጠን ለወራት ዚንክ ያበዛ ሰው፣ የጠባሳውን ማሰሪያ በገዛ እጁ እየፈታ ሊሆን ይችላል።

በቆዳ ላይ የሚቀባው ዚንክ ኦክሳይድ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስተዋወቀው በዚንክ ኦክሳይድ የተለወሰ ማሰሪያ ለእግር ቁስል እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ከጥቅሙ ብዙው ግን እግሩን ጠበቅ አድርጎ ከማሰሩ የሚመጣ ነው።

ዚንክ እንዴት መሰጠት እንዳለበት ጥሩ ምሳሌ የምናገኘው ከሕፃናት ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት መመሪያ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ስድስት ወር ያልሞላው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጠው ታዟል። በአገራችንም ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ይህንኑ ይሰጣሉ። ተቅማጡ ዚንኩን አጥቦ እንደወሰደው ይታወቃል፤ መጠኑ ተለክቷል፤ የሚቆምበት ቀንም ተቆርጧል። በቁስል ላይ ለሚሰጥ ማዕድንም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ መቀበል የለብንም።

ስለዚህ፣ አድማጮቻችን፣ በአራት ሳምንት ውስጥ መጥበብ ያልጀመረ ቁስል ያለባችሁ ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የደም ስኳራችሁ፣ የእግራችሁ የደም ዝውውር፣ የቁስሉ ጀርምና የምትበሉት የፕሮቲን መጠን በቅድሚያ ይታይ። ዚንክ አስቀድማችሁ በራሳችሁ እየወሰዳችሁ ከሆነም ስንት ሚሊ ግራም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ትረዱታላችሁ።